ቆሞ የከረመው መኪናህ ጭስ ካላወጣ ፖምፓውን አታውርድ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ “ከአባቴ የቀረልኝ አሮጌ የናፍጣ የጭነት መኪና አለኝ። ባለ 24 ቮልት ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ሁለት ዓመት ከምናምን ቆሟል። ሲቆም ደህና ነበር። በቀደም ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሁለቱንም ባትሪዎች በአዲስ ቀየርኳቸው። አሁን ሞተሪኖው ጥሩ አድርጎ ያዞረዋል፣ ግን አይነሳም። ጭስ የሚባል ነገርም የለም። አንድ መካኒክ ‘ፖምፓው ሞቷል፣ ይውረድና ይታደስ’ አለኝ። ጎረቤቴ በሌላ መኪና ተጎትቶ ይነሳል ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ ኤተር ንፋበት አለኝ። እኔም ካንዴላውን ልቀይር አስቤ ነበር። የማንን ልስማ?”

ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ክፍል፣ አይውረድ። ቢያንስ ለአሁን። መካኒኩ ፈጽሞ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። ቆሞ የከረመ ፖምፓ ሊበላሽ ይችላል። ግን ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከሦስቱ መካሪዎችህ ይልቅ አንተው እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ጠቅማኛለች። “ጭስ የሚባል ነገር የለም” ብለሃል።

የናፍጣ ሞተር ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ መንደድ ሲያቅተው፣ ያልነደደው ናፍጣ ተንኖ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይሸታል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ስለዚህ ሞተሪኖው እያዞረ ነጭ ጭስ ካየህ ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ ናፍጣ የለም። ቀለል ያለ ምልክት ነው፣ ግን ብዙ ወጪ ያድናል። አንተ አሁን የምትፈልገው ናፍጣው ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) ተነስቶ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) እስኪደርስ የት ቦታ ላይ እንደቀረ ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

የካንዴላውን ነገር ቶሎ እንዝጋው። የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን ወደ አሥራ ስድስት፣ አንዳንዱ ጋ ወደ ሃያ እጥፍ ያምቀዋል። በዚያ መታመቅ አየሩ ራሱ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ይነዳል። አንዳንድ ሞተር ለብርድ ጊዜ ማሞቂያ ካንዴላ አለው። ብዙ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ግን እሱም የላቸውም። ቢኖርህም እንኳ ናፍጣ ያልደረሰበትን ሲሊንደር ማሞቅ ባዶ ድስት መጣድ ነው።

መጎተቱንም ተወው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረው ነው ካልክ መጎተት የሚጨምርልህ ነገር የለም፤ ያው ማዞር ነው። አደጋው ግን ብዙ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ የንፋስ ፍሬን አይሞላም፣ መሪውም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ከፊትህ ደግሞ በገመድ የታሰረ ሌላ መኪና አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተረገጠ ፍሬን ይዘህ እዚያ ውስጥ መግባት አይመከርም።

ኤተሩ (ለማስነሻ የሚነፋው፣ ቶሎ የሚነድ ፈሳሽ) ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሞተር የተገደለው በእሱ ነው። ናፍጣ በራሱ ለመንደድ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ኤተር 160 አካባቢ ላይ ይነዳል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳና መልሶ ወደ ታች ይመታዋል። ‘ኳ’ የሚል የብረት ድምፅ ትሰማለህ። ያ ድምፅ የፒስተን ቀለበት ሊሰብር፣ የፒስተኑን ዘንግም ሊያጣምም የሚችል ምት ነው። ሞተሩ ማሞቂያ ካንዴላ ወይም የአየር ማሞቂያ ካለው ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው። የጋለ ሽቦ ላይ ኤተር መንፋት ማለት አየር ማስገቢያው ውስጥ ፍንዳታ መጥራት ነው። ደግሞስ ተነሳ እንበል። ኤተሩ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። ናፍጣ የለማ!

እሺ፣ ወደ ሥራው። ሞተሪኖውን እንደገና ከመንካትህ በፊት የዘይት መለኪያውን አውጣና እየው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ካየኸው ውሃ ገብቶበታል። ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቶ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተህም ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። በሁለቱም ላይ እዚያው ቁም፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ሞተሩ መዞር የለበትም። ዘይቱ ደህና ከሆነ ቀጥል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርግ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርግ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ቆሞ የከረመ መኪና የፍሪሲዮን ሸራ ከቮላኖው፣ ሞተሩ ከሚያዞረው ከባድ የብረት ክብ፣ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ያኔ ፍሪሲዮን ረግጫለሁ ብለህ ማርሽ ውስጥ ብታስነሳው መኪናው ዘሎ ይሄዳል።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ አዙር። ከዚያ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። “ትንሽ ልጨምርለት” እያሉ ሞተሪኖ ያቃጠሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ባለ 24 ቮልት ላይ ሲዞር ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ላይ ከ19 ቮልት በታች መውረድ የለባቸውም። አዲስ ባትሪ ሆኖ ከዚያ ከወረደ ከሻንሲው ጋር የታሰረውን የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመድ ፍታና በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። መጀመሪያ የሰማኸው ‘ጠቅ’ የባትሪ ድካም ነበር፤ እሱን አስተካክለሃል፤ ከዚህ በላይ አናወራበትም።

አሁን ቀላሉን፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውን እይ፤ የማጥፊያውን ገመድ። በብዙ የድሮ መኪና ሞተር የሚጠፋው ቁልፍ በማዞር አይደለም። አንዲት እጀታ ትጎትታለህ፣ ገመዱ ፖምፓው ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይስባል፣ ናፍጣ ይቋረጣል። መኪናው መጨረሻ ሲቆም ያ ገመድ ተስቧል። ከዚያ ሁለት ዓመት ዝናብና አቧራ ሲጠጣ ከረመ። አንተ እጀታውን ወደ ውስጥ ስትገፋው ይገባል። ፖምፓው ጋ ያለው ጫፍ ግን ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ላይንቀሳቀስ ይችላል።

እኔ ራሴ ወጣት መካኒክ ሳለሁ በዚህ ነገር ጉድ ሆኛለሁ። ሙሉ ቀን ናፍጣ ስፈታና ስገጥም፣ አየር ሳወጣ ዋልኩ። እጄ እስከ ክንዴ ናፍጣ ሆኗል። ማታ ላይ የመኪናው ረዳት፣ መብራት ይዞልኝ የቆመው ልጅ፣ “ይቺ ነገር እንዲህ ጋድማ ነው የምትቀረው?” ብሎ ክንዷን በጣቱ ነካት። ተመለከትኩ። ማጥፊያው ላይ ተኝታለች። ወደ ቦታዋ መለስናት፣ መኪናው ተነሳ። ልጁ ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር ይስቅ ነበር። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈት፣ አንድ ሰው እጀታውን ይግፋና ይሳብ፣ አንተ የክንዷን እንቅስቃሴ በዓይንህ ተከታተል። በኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ስትከፍት ፖምፓው ላይ ያለችው ማጥፊያ አብዛኛውን ጊዜ ‘ጠቅ’ ትላለች። ዝም ካለች ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መምጣቱን ለካ። ቆሞ የከረመ መኪና ሽቦ የአይጥ ቀለብ ነው። እግረ መንገድህን የአየር ማጣሪያውንም ክፈተው። ጎጆ ሠርተውበት አግኝቼ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ናፍጣው ራሱ። አዲስ ናፍጣ ከላይ መጨመር መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ ችግሩ ያለው ሥር ነው። ግማሽ የቀረው ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከአየሩ ላይ እርጥበት ያጠራቅማል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወርዶ ሥሩ ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ይሆናል። ፊልትሮ የሚደፍነው እሱ ነው። ሰልባትዮው ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፍታና አንድ ሊትር ያህል በብርጭቆ ማሰሮ ተቀበል። ግማሽ ሰዓት አስቀምጠህ ፀሐይ ላይ አንሳና እየው። ጥርት ብሎ ወደ ቢጫ ካደላ ተመስገን በል። ለሁለት ተከፍሎ ሥሩ ውሃ ካለ፣ ወይም ጥቁር ቁርጥራጭ ከተንሳፈፈ፣ ሰልባትዮው ሙሉ በሙሉ ይፍሰስና ይታጠብ። ያፈሰስከውን ናፍጣ መሬት ላይ አትድፋው፤ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ስጠው።

ፊልትሮውን ያለ ክርክር ቀይር፤ ቆሞ የከረመ ፊልትሮ አይታመንም። አንዲት ሌላ ማጣሪያም አለች። ናፍጣውን ከሰልባትዮ ስቦ የሚያመጣው ትንሽ ፓምፕ ሥር፣ በኩባያ መሳይ ክዳን ውስጥ፣ ጣት የምታክል ወንፊት ተደብቃለች። ሁሉም መኪና ላይ አትኖርም። ካለች ግን መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት፣ መጨረሻ የምትታወሰውም እሷ ናት።

እንግዲህ ዋናው ጥርጣሬዬ ላይ ደረስን፤ አየር። ከሰልባትዮ እስከ ትንሹ ፓምፕ ያለው ቱቦ ናፍጣን የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ እዚያ መስመር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም የላላ ማሰሪያ ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው መሬቱን አይቶ “የሚያፈስ የለም” ይላል፤ ልክ ነው፣ አያፈስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ሰልባትዮው ተመልሷል፤ ቦታውን አየር ይዞታል። ፖምፓ ደግሞ አየር መግፋት አይችልም። አየር ይታመቃል፣ ይለቀቃል፣ ይታመቃል፣ ይለቀቃል፤ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄድ ነገር የለም። ሞተሪኖው ቀኑን ሙሉ ቢያዞር ያው ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ከጀሪካን የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ንጹሕ ጀሪካን ላይ ንጹሕ ናፍጣ ሙላ፣ ከፖምፓው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጥና በደንብ አስረው። ከሰልባትዮ የሚመጣውን ቱቦ ከትንሹ ፓምፕ ላይ ንቀል። በምትኩ ናፍጣ የሚቋቋም፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ከጀሪካኑ አምጥተህ ግጠም። በዚህች አንዲት ዘዴ ሰልባትዮውን፣ አሮጌውን ቱቦ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ወንፊት በሙሉ ከጨዋታ ውጭ አደረግካቸው። መኪናው በጀሪካን ተነስቶ በሰልባትዮ እምቢ ካለ በሽታው ከኋላ ነው፤ ፖምፓህ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ግልጹን ቱቦ ሞተሩ ሲሠራም እየው። አረፋ ከታየበት አየሩ የሚገባው ከጀሪካኑ በኩል ነው።

አሁን አየሩን እናስወጣ። ትንሹ ፓምፕ ላይ እንደ ቡሽ የሚጠመዘዝ የእጅ ፓምፕ ታገኛለህ። ወደ ግራ ፍታው፣ ወደ ላይ ይነሳል። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን አንድ ዙር አላላትና በእጅ ፓምፑ ጨምቅ። መጀመሪያ ምንም አይሰማህም፤ ልል ነው። ከዚያ ብሎኗ ሥር ስስስ ይላል፣ አረፋ ይወጣል፣ ነጭ ነጭ ይላል። አታቁም። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ፣ እየጨመቅክ ሳለህ ብሎኗን አጥብቅ። እጅህ ላይ ፓምፑ ይከብድሃል፤ ያ ክብደት ጥሩ ምልክት ነው። ሃምሳ ጊዜ ጨምቀህ ምንም ካልከበደ ወይ የትንሹ ፓምፕ ቫልቭ ቆሽሿል፣ ወይ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር አየር እየገባ ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ ፖምፓው ጎን ላይ ያለችውን ብሎን እንዲሁ አድርግ። ሲያልቅ የእጅ ፓምፑን ወደ ታች ጠምዝዘህ ዝጋው። የፈታሃቸው ቦታዎች ላይ ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ ቀይር፤ ትንሽ ነገር ናቸው፣ አየር የሚያስገቡት ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያ ወደ ኢንጀክተሮቹ። የየቱቦውን ዳዶ ኢንጀክተሩ ጋ ግማሽ ዙር ብቻ አላላ። ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፣ ጋዝ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ። አንተ ከጎን ቆመህ እይ። ዳዶዎቹ ሥር ናፍጣ ብልጭ ብልጭ እያለ በምት ሲወጣ አንድ በአንድ አጥብቅ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱን ስታጠብቅ ሞተሩ እየተንገዳገደ መነሳት ይጀምራል። ቀሪዎቹን እየሠራ ታጠብቃለህ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተር ኢንጀክተር ናፍጣ የሚለቀው ከ150 እስከ 250 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው 8 ባር ገደማ ነው፤ አነጻጽረው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲገባ መርፌ እንደወጋህ ብቻ ነው የሚሰማህ፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ዳዶ ሥር እጅህን አታድርግ፣ መፍሰሱን በጣትህ አትፈትሽ፣ የዓይን መከላከያ አድርግ። ወጋኝ ብለህ ከጠረጠርክ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂድ። ሌላም ነገር፤ ይህ የዳዶ ማላላት ዘዴ ለአሮጌ መኪና ብቻ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩት አዲሶቹ ላይ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ስለሆነ እንዳትነካቸው።

ፖምፓው ድረስ ጥርት ያለ ናፍጣ መጥቶ፣ ማጥፊያው ተከፍቶ፣ ግን አንድም ዳዶ ሥር ጠብ ካላለ፣ አሁን መካኒኩ ትክክል ሆነ። የቆየ ናፍጣ እንደ ሙጫ ይደርቅና ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ፒስተኖችና ናፍጣ የሚመጥነውን ዘንግ ያጣብቃል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የፖምፓው የጎን ክዳን ካለው ይከፈትና ዘንጉ በእጅ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይታይ። አንዳንዴ ንጹሕ ናፍጣ ውስጥ ሲያድር ይለቃል። በመዶሻና በካቻቢቴ የሚያስለቅቅ ሰው ካየህ ግን አስቁመው። ፖምፓው ከወረደ ደግሞ ሲመለስ ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ በትክክል መገጠም አለበት። ያን የሚያደርገው መለኪያ ያለው የፖምፓ ባለሙያ ነው፤ ሰፈር ውስጥ አይሠራም።

የተጣበቀ ዘንግ ሌላ ጣጣም አለው። ናፍጣ ሙሉ በሙሉ በሚለቅበት ቦታ ላይ ተጣብቆ ከነበረ፣ ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ ጋዝ ብትለቅም አይወርድም። ስለዚህ መጀመሪያ ስታስነሳው የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ነቅለህ፣ አፉን ሊከድን የሚችል ጠንካራ ጣውላ ይዞ የሚቆም ሰው ይኑር። አየር ካጣ ይጠፋል። በእጅ መዳፍ ወይም በጨርቅ አይሞከርም፤ ስቦ ያስገባዋል።

ናፍጣው በሁሉም ዳዶዎች ደርሶ፣ ነጭ ጭስ መውጣት ጀምሮ፣ አሁንም ካልነሳ ወሬው ይለወጣል። ያኔ የሚታየው የአየሩ መታመቅ ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ቫልቭ ተከፍቶ ሊዝግ፣ የፒስተን ቀለበትም ሊጣበቅ ይችላል። ይህ በመለኪያ የሚታወቅ ነገር ነው። በጽሑፍ ከዚህ በላይ ልረዳህ አልችልም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) መውረድ ይኑርበት አይኑርበት የሚወስነው የሚለካው ሰው ነው።

ሲነሳ ጋዝ አትርገጥበት። የዘይት መብራቱ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ አጥፋው። ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሥራ፤ አንተ ዙሪያውን ዞረህ ውሃ፣ ዘይትና ቺንጋ ተመልከት። ከዚያ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ገና እንደሞቀ ቀይር። ተነሳ ማለት ግን ለመንገድ ደረሰ ማለት አይደለም። ፍሬኑ ታምቡሩ ተከፍቶ ካልታየ፣ ጎማዎቹ ጎን ላይ ስንጥቅ መኖሩ ካልተፈተሸ፣ ከግቢ አይውጣ።

ጀሪካኑን ሞክርና የሆነውን ጻፍልኝ። ሦስት ነገር ብቻ ንገረኝ፤ የእጅ ፓምፑ ከበደህ ወይስ ልል ሆኖ ቀረ፣ ስንቱ ዳዶ ሥር ናፍጣ መጣ፣ ጭሱስ ምን ቀለም ነበረው።